የሐምሌ ቁልቢ መንገድ፦ ወንዙ እስኪጎድል



እንደሚታወቀው የቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል በዓል በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን፣ በታላቅ ድምቀት ይከበራል። የታኅሣሡ በዓል የበጋ በዓል ነው። ሰማዩ የጠራ፣ መንገዱ የደረቀ በመሆኑ ከየአቅጣጫው የሚተመው ሕዝብ ለቁጥር ያዳግታል። የሐምሌው ግን በክረምት እኩሌታ ላይ የሚውል ነው። በዚህ ዕለት የሚታሰበው ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ በመልአኩ ተራዳኢነት ከፈላ ውኃ የዳኑበት ታሪክ ሲሆን፣ ውኃው ሲፈላ ድምፁ እንደ ክረምት ነጎድጓድ ያስተጋባ እንደነበር አበው ይተርካሉ። በሐምሌ ወደ ቁልቢ የሚጓዝ ምእመን ይህን ትረካ በጆሮው ሰምቶ ብቻ አይመለስም፤ ነጎድጓዱንም ውኃውንም በመንገዱ ላይ ያገኛቸዋል።

ስለ በዓሉ አመሠራረትና ስለ ስለቱ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተነግሯል። እኛ በዛሬው ጽሑፋችን የምናወጋችሁ ስለ መንገዱ ነው። ምክንያቱንም ወደፊት እንደምትረዱት፣ ከሃያ አምስት ዓመታት በላይ በልባችን ይዘነው የኖርነው አንድ ዕዳ አለብን።

«እንዴት ከረማችሁ?»

አባቶቻችን በክረምት ረጅም መንገድ መጓዝን አይወዱም ነበር። ለዚህ ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። «ከረመ» የሚለው ግሥ «ክረምት» ከሚለው ስም ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ ዝናሙን በአንድ ስፍራ ተቀምጦ አሳለፈ ማለት ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኙ ዘመዳሞች «እንዴት ከረማችሁ?» የሚባባሉት፣ በየበዓሉ ማዕድ ሲነሣ «የከርሞ ሰው ይበለን» የሚባለው ከዚሁ የመጣ ነው። ያ ሰው ክረምቱን ዘልቆ ለመስከረም መብቃቱ ራሱ የሚጠየቅ፣ የሚመረቅም ነገር ነበርና።

ሠራዊት እንኳ ይከርም ነበር። የዐድዋ ዘመቻ ዐዋጅ የተነገረው ክረምቱ በመውጣት ላይ ሳለ፣ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ የተነሡት ደግሞ ወንዞች ሲጎድሉ፣ በጥቅምት ነው። ራስ መኰንን ወደዚያው ዘመቻ ሲያልፉ በቁልቢ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያን እንዳሳነጹ የሚነገረው ታሪክም እንግዲህ የበጋ ጉዞ ታሪክ ነው። እኚህ መስፍን በ1898 ዓ.ም. ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታምመው ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ላይ ነበር።

መኪና ከመጣ ወዲህ ግን «ክረምት ነውና እንቆይ» የሚል ሰው እየጠፋ ሄዷል። ትኬቱ ተቆርጧል፤ ስለት አለ፤ ሰኞ ቢሮ መግባት አለ። መኪናው በጥር እንደሚሄድ በሐምሌም ይሄዳል ብለን እናምናለን። ዝናሙ ግን ይህን ውሳኔያችንን አልሰማም።

በደረቅ አገር የሚመጣ ጎርፍ

ከአዲስ አበባ ወደ ቁልቢ የሚወስደው መንገድ ከደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላ ወርዶ እንደገና ደጋ የሚወጣ ነው። እስከ አዳማ ያለው ክፍል፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአገልግሎት ከተከፈተ ወዲህ፣ ለተጓዡ የሚያሳስብ አይደለም። ከወለንጪቲ አልፎ መተሐራ ሲደረስ የበሰቃ ሐይቅ ይገኛል። ይህ ሐይቅ በ1950ዎቹ ስፋቱ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከአርባ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የመኪናው መንገድና የቀድሞው የባቡር ሐዲድ ውኃው በደረሰባቸው ቁጥር ከፍ እንዲደረጉ ግድ ሆኗል። ለመስፋፋቱ ከዝናሙ ይልቅ ከመሬት ውስጥ የሚመጣው ውኃ እንደሚበልጥ፣ በዙሪያው ያለው የመስኖ እርሻም ድርሻ እንዳለው ባለሙያዎች ይገልጻሉ። በሁለቱም ወገን ውኃ እያየ የሚያልፈው መንገደኛ እዚህ ላይ መስቀሉን ይዞ ያማትባል። ይሁንና ይህ ውኃ ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ የሚመጣ በመሆኑ አያሳስትም።

የሚያሳስተው ከአዋሽ በኋላ ያለው ነው። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ቦርደዴ፣ አሰቦትና ሚኤሶ የሚዘልቀው ሜዳ የግራርና የቁጥቋጦ አገር ነው። በክረምትም ቢሆን ፀሐዩ የሚያቃጥል፣ አቧራው የሚቦን ነው። መንገዱን የሚያቋርጡት ወንዞች የአሸዋ ወንዞች ስለሆኑ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የላቸውም። እረኛ ግመሉን ይነዳባቸዋል፤ ልጆች ይጫወቱባቸዋል። ታዲያ ከደጋ የመጣ ሰው ይህን ሲያይ «ክረምት እዚህ የለም» ብሎ ይደመድማል።

ዝናሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከመንገዱ በስተደቡብ በሩቁ ከሚታየው ከጨርጨር ተራራ ላይ ይወርዳል። የደጋው የክረምት ዝናም ብዙውን ጊዜ ማለዳ ጋብ ብሎ ከቀትር በኋላ የሚበረታ በመሆኑ፣ ተራራው ላይ በስምንት ወይም በዘጠኝ ሰዓት የጣለው ውኃ ገደሉንና ሸለቆውን እየሰበሰበ ቆላው ዘንድ የሚደርሰው አመሻሹ ላይ ወይም በሌሊት ነው። በቆላው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ ወንዙ ይሞላል። የምሥራቁን መንገድ የለመዱ ሾፌሮች «የአሸዋ ወንዝ በጠዋት ይታለፋል» የሚሉት ስለዚህ ነው።

ይህ የውኃ ጠባይ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ መላው የአገራችን ሕዝብ ያወቀው ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ፣ ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ የዘነበውን ተሸክሞ በሌሊት ደርሶ ሰው በተኛበት ከ250 በላይ ነፍስ ወሰደ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ያለ መጠለያ አስቀረ። የቁልቢ በዓል ካለፈ ገና አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር።

የመኪናን ነገር ብንመለከት፣ ሰው በተለምዶ የሚተማመነው በክብደቱ ነው። «ይህን የሚያህል አውቶቡስ ውኃ እንዴት ይገፋዋል?» ይላል። ነገር ግን ማንኛውም አካል ውኃ ውስጥ ሲገባ የገፋውን ውኃ ያህል ክብደት ይቀንሳል፤ መኪና ደግሞ ውስጡ ባዶ፣ ጎኑ ሰፊ ነው። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈሳሽ ውኃ ትንሽ አውቶሞቢል ሊያንሳፍፍ፣ ስድሳ ሳንቲ ሜትሩ ደግሞ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ሊወስድ እንደሚችል ባለሙያዎች ያስጠነቅቃሉ። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ከአንድ ሰው ጉልበት ጥቂት ከፍ የሚል ነው። በዚያ ላይ ውኃው ደፍራሽ ስለሆነ ወለሉ አይታይም፤ ጠዋት ጎማ የረገጠው ጠጠር ማታ ተጠርጎ ጉድጓድ ሆኖ ይቆያል።

ሐምሌ 18 ቀን 1991 ዓ.ም.

ይህን ሁሉ በዚያን ጊዜ አናውቅም ነበር። ወይም ልናውቅ አልፈለግንም።

በ1991 ዓ.ም. የነገረ መለኮት ተማሪ ነበርን። በቁልቢ ማኅሌትና ቅዳሴ እንድናገለግል ከአንድ አጥቢያ ምእመናን ጋር ስልሳ ያህል ሰው በጫነ የኪራይ አውቶቡስ ሐምሌ 17 ቀን ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሣን። አብረውን አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩ። ከፊት ወንበር ደግሞ በተጋባች በስምንተኛው ዓመት የወለደችውን ሕፃን የታቀፈች፣ ለስለት የያዘችውን ጃንጥላ ዝናም እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልላ በጉልበቷ ላይ ያጋደመች አንዲት እናት ተቀምጣ ነበር። መተሐራ ሳንደርስ ሁለት ጎማ ተከታትሎ ፈነዳብን። መለወጫ እስኪገኝ መሸና አዋሽ አደርን፤ በማግስቱም የጎማው ነገር ተጠናቆ የተነሣነው ከቀትር በኋላ ነው።

ከቦርደዴ ካለፍን በኋላ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ከአንድ የአሸዋ ወንዝ ደረስን። ድልድዩ በጥገና ላይ ስለነበር ተሽከርካሪ የሚያልፈው ከጎኑ፣ በወንዙ ወለል ላይ በተጠረገ ተለዋጭ መንገድ ነበር። ወንዙ ውኃ ይዟል። ቡናማ ነው፤ ሲያዩት ግን ከጉልበት የሚያልፍ አይመስልም። በላያችን ፀሐይ ነው። ከተራራው በኩል ብቻ ሰማዩ እንደ ቀለም ጠቁሯል።

ሾፌሩ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ወርደው ድንጋይ እየወረወሩ ድምፁን አዳመጡ፤ ከዚያም ጥርሳቸውን እየፋቁ ከዳሩ ቆሙ። «ትንሽ እንየው» አሉ። ግማሽ ሰዓት አየነው። ከውስጥ ማጉረምረም ተጀመረ። ቁልቢ ለመድረስ ገና ከመቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር የማያንስ፣ አብዛኛው ጠጠርና አቀበት የሆነ መንገድ ይቀረናል። ማኅሌቱ በዚያው ሌሊት ነው።

በዚህ ጊዜ ነበር ዛሬም ስናስታውሰው የምናፍርበትን ቃል የተናገርነው። ከአውቶቡሱ በር ላይ ቆመን፣ «ወገኖቼ፣ ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያወጣ መልአክ ይህችን ከጉልበት የማታልፍ ውኃ ማሻገር ያቅተዋልን?» አልን። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሾፌሩ እኛን አዩን፤ ወንዙን አዩ፤ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ገብተው ሞተር አስነሡ። አንድ ዲያቆን፣ ስልሳ ምእመንና እልልታ ሲተባበሩበት አንድ ሾፌር ምን ሊያደርግ ይችላል?

አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ አንድ አረጋዊ የኢቱ ኦሮሞ እረኛ መጥተው ከፊታችን መንገዱ ላይ በትራቸውን አጋድመው ቆሙ። ረዳቱ ኦሮምኛ ስለሚያውቅ ወርዶ አነጋገራቸውና ተርጉሞ ነገረን። «ግመሎቼ ከቀትር ጀምሮ ወደ ወንዙ አንወርድም ብለዋል፤ እናንተ ወዴት ናችሁ?» ነበር ያሉት። አንዳንዶች ሳቁ። ሌሎችም አዛውንቱ እንዲነሡ ይጮኹ ጀመር። ይህ ክርክር በሚካሄድበት መካከል ከኋላችን የመጣች ጭነት የያዘች ፒካፕ በጎናችን አልፋ ውኃው ውስጥ ገባች።

እስከ መካከሉ በደኅና ሄደች። ከዚያ የኋላ እግሯ ወደ ታች ተንሸራተተና ከተጠረገው መንገድ ወጥታ አንድ ቋጥኝ ላይ ተደግፋ ቀረች። ድምፁ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከሩቅ የጠጠር ጭነት የሚገለብጡ ይመስል ነበር። ቀጥሎም በወንዙ መታጠፊያ በኩል ከነሥሩ የተነቀለ ግራር፣ ከኋላውም እንደ ግድግዳ የቆመ ጥቁር ውኃ ብቅ አለ።

ሦስቱ ሰዎች በመኪናዋ ጣራ ላይ ወጥተው ነበር። ረዳቱ የአውቶቡሱን የዕቃ ማሰሪያ ገመድ አውርዶ፣ የአረጋዊው ልጆች ጫፉን ድንጋይ አስረው በሦስተኛው ውርወራ አደረሱላቸው። ጎትተን ያወጣነው እኛም፣ እረኞቹም፣ ሲስቁ የነበሩትም ሆነን ነው። የመጨረሻው ሰው ከዳር ወጥቶ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ፒካፗ ተገልብጣ ከዓይናችን ተሰወረች። አውቶቡሱ በአረጋዊው ባይታገድ ኖሮ በዚያች ሰዓት የት እንደሚሆን ለመገመት ማንም ችግር አልነበረበትም። ያች እናት ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር።

የፒካፗ ሾፌር ከነርጥበቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥቂት ቆየና ወደ እኛ ዘወር አለ። «ዲያቆን፣ እልልታውን ስሰማ ወንዙ ጎድሎ መሻገር የተጀመረ መሰለኝ» አለን። ቁጣ አልነበረበትም። ቢሰድበን በተሻለን ነበር። ዕዳ ያልነው ይህ ነው።

ስለ ጌታ ፈተና የሚናገረውን የወንጌል ክፍል በትምህርት ቤት ለፈተና አጥንተን ጥሩ ውጤት አግኝተንበታል። በመቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ መላእክት እንደሚያነሡት ከመጽሐፍ እየጠቀሰ ዘሎ እንዲወርድ ያግባባው ማን እንደነበር ጠንቅቀን እናውቅ ነበር። በአውቶቡሱ በር ላይ ስንቆም ግን ትዝ አላለንም።

በወንዙ ዳር ያደረ ማኅሌት

አረጋዊው ከውኃው ዳር አንድ ነጭ ድንጋይ አኖሩ። ድንጋዩ ደርቆ ከውኃው ስምንት እርምጃ እስኪርቅ ማንም እንዳይገባ አዘዙና ሄዱ። ሲመሽ ከልጆቻቸው ጋር ወተት ይዘው ተመለሱ። ዕለቱ እሑድ ስለነበር ጾም አልነበረም፤ ሆኖም ሰዉ ተሳስቶ ዝም አለ። ወተቱ የግመል ነበርና። አረጋዊው ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ አንዱን ልጅ መልሰው ልከው የፍየል ወተት አስመጡ። ለሕፃኑ እናት ቀድመው የሰጡት እርሳቸው ናቸው።

ሾፌሩ «በጨለማ አልገባም» አሉ። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው፣ «ዲያቆን፣ በቅዳሴው አንተ ታዘናለህ፤ በወንዙ ግን እሳቸው» ብለው በአገጫቸው ወደ አረጋዊው አመለከቱ። ሌላ ነገር አልተናገሩንም።

ጨረቃዋ ልትሞላ ጥቂት ቀን የቀራት ስለነበረች ሌሊቱ ብሩህ ነበር። ውኃው ግን እስከ እኩለ ሌሊት አልቀነሰም። መሪጌታው ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ሌሊት ዘመኑ እንደሚዞር ታውቃለህ?» አሉን። እናውቃለን። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ወቅት ዘመነ ክረምት ብላ በየክፍሉ ለይታዋለች። እስከ ሐምሌ 18 ያለው የደመናና የዘር ጊዜ ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ደግሞ መብረቅና ነጎድጓድ፣ ባሕርና ወንዞች፣ ጠልም የሚታሰቡበት ነው። «እንግዲህ ወንዙ አንድ ሌሊት ቀድሞ ነው የቆመው» ብለው መሪጌታው ሳቁ። ከዚያም በለሆሳስ ጀመሩ፤ እኛም ተቀበልናቸው። ከበሮና ጸናጽሉ በአውቶቡሱ ጣራ ላይ እንደታሰረ ነበር።

በልመና ጸሎታችን ውስጥ ስለ ዝናም የሚቀርበው ልመና በሚያስፈልግበት ስፍራ እንዲወርድ ሲሆን፣ ስለ ወንዞች የሚቀርበው ደግሞ እስከ ልካቸውና እስከ ወሰናቸው እንዲሞሉ ነው። በልጅነታችን ይህን የምንለው በቃል እንደተጠና ዜማ ብቻ ነበር። በዚያ ሌሊት ልክና ወሰን የሚሉት ቃላት ነጩን ድንጋይ አስመሰሉን።

ሌላም ነገር ታወሰን። በሐዋርያት ሥራ በ27ኛው ምዕራፍ የቅዱስ ጳውሎስ የባሕር ጉዞ ይነገራል። የመርከብ ጉዞ ወቅት አልፎ፣ የአይሁድ ጾምም ተፈጽሞ ሳለ፣ በቀርጤስ መልካም ወደብ በተባለው ስፍራ «እንቆይ» ብሎ የመከረው ሐዋርያው ነበር። መቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን አመነ። ወደቡ ለመክረም አይመችም ብለው ወጡ። በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍሳት ሁሉ ዳኑ፤ መርከቡ ግን ተሰበረ። ክረምቱንም ሳይወዱ በግድ በመላጥያ ደሴት ሦስት ወር ተቀመጡ። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ላይ የሚጠቀመው ያንኑ «ከረመ» የሚለውን ግሥ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያ ታሪክ «እንቆይ» ያለው የእምነት ሰው፣ «እንሂድ» ያሉት ባለሙያዎቹ ነበሩ። በእኛ ወንዝ ዳር ነገሩ ተገልብጦ ነበር።

ጉምና ጭቃ

ሲነጋ ድንጋዩ ደርቆ ከውኃው ከአሥር እርምጃ በላይ ርቆ ነበር። ረዳቱ ገመድ በወገቡ ታስሮ፣ በዱላ ወለሉን እየወጋ በእግሩ ተሻገረና ጠንካራውን ስፍራ በእንጨት ምልክት አደረገበት። እኛ ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን በእግር ተሻገርን። አውቶቡሱ ባዶውን፣ በአንደኛ ማርሽ፣ መካከል ላይ ማርሽ ሳይለውጥና ሳይቆም፣ ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ጥቂት ሰያፍ ብሎ ወጣ። ከወጡም በኋላ ሾፌሩ ጥቂት እየሄዱ ፍሬኑን ደጋግመው በቀስታ ረገጡ፤ የራሰ ፍሬን አቀበቱን ሲጨርሱ በቁልቁለቱ ላይ እንደሚከዳ ያውቃሉና። ፒካፗን ከሦስት መቶ እርምጃ በታች አገኘናት። ከአሸዋው ውስጥ ሁለት ጎማዎቿ ብቻ ይታያሉ። ባለቤቷን እስከ ሚኤሶ ይዘነው ሄድን፤ መንገዱን ሙሉ አጠገባችን ተቀምጦ ስለ ልጆቹ አጫወተን።

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል። ከጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ ከአሰበ ተፈሪ፣ ጀምሮ ያለው ጉዞ ሌላ ዓይነት ክረምት ነው። እዚህ ውኃው አያስፈራም፤ ጉሙ ነው የሚያስፈራው። ከመኪናው አፍንጫ በላይ አይታይም። ረጅሙ መብራት ቢበራ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ በዓይን ይረጨዋል፤ ስለዚህ በአጭር መብራት፣ ጥሩምባ እያሰሙ፣ በየመታጠፊያው መስኮት ከፍቶ እያዳመጡ ነው የሚኬደው። መንገዱ በዚያን ዘመን ገና አስፋልት አልለበሰም ነበርና በሂርናና በጨለንቆ መካከል ሦስት ጊዜ ወርደን ገፋን። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ድንጋይ ከጎማው ሥር ያነጠፉልን የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። በቁልቁለቱም ሾፌሩ ፍሬን ሳይሆን በማርሽ ነበር የሚወርዱት። ዛሬ መንገዱ በሙሉ አስፋልት ነው፤ ጉሙ ግን እንደዚያው ነው።

ቁልቢ የደረስነው ሐምሌ 19 ቀን ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ታቦቱ ገብቷል። ሕዝቡም በዝናም ውስጥ ወደየመኪናው እየተመለሰ ነበር። ልናገለግል የመጣንበት ማኅሌትና ቅዳሴ አልፏል። ያች እናት ላስቲኩን ፈትታ ጃንጥላውን አወጣችና ለካህኑ ሰጠች። ደረቅ ነበር። ካህኑም ዘርግተው በእርሷና በሕፃኑ ላይ ያዙላት።

በማግስቱ ማለዳ ተነሥተን ስንመለስ ወደዚያ ወንዝ የደረስነው ገና ከቀትር በፊት ነበር። ውኃ የለበትም። ግመሎች በወለሉ ላይ ይሄዱበታል። አረጋዊውን ፈለግናቸው፤ አልነበሩም። ነጩ ድንጋይ ግን ካኖሩት ስፍራ አልተነሣም። ሾፌሩ አውቶቡሱን ከዳር አቆሙና ወርደው፣ እጃቸውን በግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ተራራው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከአውቶቡሱ ውስጥ «እንሂድ» ያለ ሰው አልነበረም።